አፈገፈገ፣ ወጣ፣ ሸሸ፦ እንግሊዝኛ ወደ ኋላ መመለስን የሚጠራባቸው ግሶች

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን አልሮጥም አለ። አስም አለበት፤ የከተማዋ የተበከለ አየር አሳስቦት ነበር። በ10 ሺህ ሜትር ግን ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ። በኖቬምበር 2010 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን ጀምሮ፣ ጉልበቱን አሞት መንገድ ላይ አቋረጠ። በዚያው ቀን ለጋዜጠኞች ሩጫ እንደበቃው ተናገረ። ቀናት ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረና እስከ 2015 መሮጡን ቀጠለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቤጂንጉ የሚጽፍ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ዊዝድሮው ወይም ፑል አውት ይላል። ውድድሩ ሳይጀመር አሳውቆ መቅረት ነው። ለኒውዮርኩ ድሮፕ አውት ይላል፤ ከጀመሩ በኋላ ማቋረጥ። ለመግለጫው ሪታየር ይላል፤ ከሙያው ራስን ማግለል። ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ ሪቨርስ ይመጣል። አንድ ሯጭ፣ አምስት ግስ።

ቴኒስ የምትከታተሉ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። በቴኒስ አንድ ተጫዋች በጨዋታ መሃል ተጎድቶ ሲያቋርጥም ሪታየር አደረገ ይባላል። ጡረታ የወጣ መስሏችሁ ስታዝኑ፣ በሳምንቱ ሌላ ውድድር ላይ ታገኙታላችሁ። ጨዋታው ሳይጀመር ከቀረ ዊዝድሮው ነው፤ ተጋጣሚው በዎክኦቨር ያልፋል። እኛ ፎርፌ የምንለው ማለት ነው።

የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ስትከፍቱ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። ሪትሪት (ማፈግፈግ) ብላችሁ ስትፈልጉ ዊዝድሮው፣ ፑል ባክ፣ ፎል ባክ፣ ሪታየር፣ ፍሊ፣ ኢቫኩዌት በአንድ መስመር ተደርድረው ይመጣሉ፤ ደስ ያላችሁን አንሱ የተባላችሁ ይመስላል። እኔ ግን በእነዚህ ግሶች ውስጥ ሁሉ ፍርድ አለ እላለሁ። ማን ገፋው? በሥርዓት ወጣ ወይስ በድንጋጤ? የተወው መሬት ነው፣ ቃል ነው ወይስ ወንበር? ግሱን የመረጠ ሰው፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ እነዚህን ጥያቄዎች መልሷል።

ጦር ሜዳው ላይ ጉዳዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሪትሪት ሲባል ጠላት ገፍቶሃል ማለት ነው። ናፖሊዮን በ1812 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጦር ይዞ ሩሲያ ገባ። በኦክቶበር ከሞስኮ ሲመለስ ጦሩን ረሃብና ብርድ፣ በሽታና የኮሳክ ፈረሰኞች ጨረሱበት። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሁሉ ሪትሪት ይለዋል፤ ሌላ ቃል አይመጥነውም። ከሪትሪት የባሰ ደግሞ ራውት አለ። ጦሩ መስመሩም ትዕዛዙም ፈርሶ፣ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ሲል ራውት ሆነ ይባላል። ፍሊ የግለሰቡ ሩጫ ነው፤ በአማርኛ ፈረጠጠ እንደምንለው።

ዊዝድሮው ቀዝቀዝ ያለ ቃል ነው። ውሳኔና እቅድ እንዳለ ይናገራል። የአሜሪካ ጦር መመሪያ ወደ ኋላ የሚደረግ እንቅስቃሴን በሦስት ይከፍላል፤ ዲሌይ፣ ዊዝድሮዋል እና ሪታየርመንት። ዲሌይ መሬት እየለቀቁ ጊዜ መግዛት ነው። ዊዝድሮዋል ከጠላት ጋር ተፋጥጦ ያለ ጦር በእቅድ ሲላቀቅ ነው። ሪታየርመንት ደግሞ ከጠላት ጋር ያልተገናኘ ጦር ወደ ኋላ ሲጓዝ። ሪትሪት ከሦስቱ ውስጥ የለም። በአሜሪካ የጦር ሰፈር ሪትሪት የሚባለው አመሻሽ ላይ ባንዲራ ሲወርድ የሚነፋው የጥሩንባ ዜማ ነው።

ጦሮች ይህን ቃል እንዴት እንደሚጠሉት የኮሪያው ጦርነት ያሳያል። በ1950 መጨረሻ የአሜሪካ ማሪኖች በቾሲን ሐይቅ አካባቢ በቻይና ጦር ተከበቡ። አዛዣቸው ጄኔራል ኦሊቨር ስሚዝ ስለ ሪትሪት ሲጠየቅ፣ ምን ሪትሪት አለ፣ በሌላ አቅጣጫ እያጠቃን እንጂ ዓይነት መልስ መስጠቱ ይነገርለታል። ሰዎች እንደ ቀልድ ይጠቅሱታል፤ ነገር ግን የተከበበ ጦር ለመውጣትም መዋጋት ስላለበት ብዙም ሐሰት አልነበረም። በእኛ አገር ዜናም «ስልታዊ ማፈግፈግ» የሚለውን ሐረግ ያልሰማ የለም። እንግሊዝኛው ታክቲካል ዊዝድሮዋል ይለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መሸሽን በጨዋ ደንብ መጥራት ነው። የትኛው እንደሆነ ግሱ አይነግራችሁም። ካርታ ማየት ያስፈልጋል።

ኢቫኩዌት፣ ሰውን ከአደጋ ቦታ ማውጣት፣ የሚለው ግስ ትኩረቱን ከተሸናፊው ጦር ወደ ተረፈው ሰው ያዞራል። በ1940 ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ከፈረንሳይዋ ዳንከርክ የባሕር ዳርቻ 338,226 ወታደሮች በመርከብና በጀልባ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በጦርነቱ ሒሳብ ከባድ ሽንፈት ነበር፤ ከባዱ መሣሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ሕዝቡ ግን እንደ ድል አከበረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል በጁን 4 ለፓርላማው ሲናገር በኢቫኩዌሽን የጦርነት ድል አይገኝም፣ ይህን እንደ ድል እንዳንቆጥረው እንጠንቀቅ ማለቱ ለዚህ ነው። የራሱ ሕዝብ በጥሩ ግስ እንዳይዘናጋ ፈርቶ ነበር።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ የሰዋስው ነገር ላንሳ። የአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ወጣ ካልን አስወጣ ማለት ቀላል ነው፤ «አስ» ጨምረን እንሄዳለን። ዊዝድሮውም ሁለቱንም ይሠራል፤ ጦሩ ዊዝድሮው አደረገ፣ ጄኔራሉም ጦሩን ዊዝድሮው አደረገ ይባላል። ፑል ባክና ፑል አውትም እንደዚያው ናቸው። ሪትሪት ግን እሺ አይልም። ጦሩ ራሱ ሪትሪት ያደርጋል እንጂ ጄኔራሉ ጦሩን ሪትሪት አያደርገውም። ፎል ባክም አይቻልም። ጦሩን ወይም ጠበቃውን ወይም ክሱን የሚያነሳ ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ፣ ዊዝድሮው ያዙ።

ወደ ዲፕሎማሲ ስንመጣ ቃሉ ራሱ የድርድር አጀንዳ ይሆናል። ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ኢትዮጵያና ኤርትራ በጁን 18 ቀን 2000 በአልጀርስ የፈረሙት ግጭት የማቆም ስምምነት ነው። ስምምነቱ የኢትዮጵያ ጦር ከሜይ 6 ቀን 1998 በፊት በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ያልነበሩ፣ በጦርነቱ የያዛቸውን ቦታዎች እንዲለቅ ይጠይቃል። የኤርትራ ጦር ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ተመልሶ ከሚሰፍርበት መስመር 25 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ። ለኢትዮጵያ ጦር የተመረጠው ግስ ሪዲፕሎይ ነው፤ ጦርን እንደገና ማስፈር እንደ ማለት። ዊዝድሮው ቢባል ኖሮ፣ ከየት ነው የወጣው የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ከሰው መሬት ነው ብሎ ማመን ይመስላል። ሪዲፕሎይ ግን ጦሬን ከዚህ አንስቼ እዚያ አደረግሁ ብቻ ነው የሚለው። የመሬቱ ባለቤት ማነው የሚለው ገና ለድንበር ኮሚሽን የሚቀርብ ስለነበር፣ ወገን የማይዝ ቃል ያስፈልግ ነበር። በእኔ አመለካከት ዲፕሎማቶቹ በዚያ ሰነድ ላይ ከሠሯቸው ብልጥ ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው።

እስራኤል በ2005 ከጋዛ ሰፋሪዎቿንና ጦሯን ስታወጣ እቅዱን ዲስኢንጌጅመንት ብላ ጠራችው። ዲስኢንጌጅ የተጠላለፈን ነገር ማላቀቅ ነው። ስለመውጣት ከመናገር ይልቅ ስለመለያየት ይናገራል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሪኤል ሻሮን መንግሥት ለገዛ ደጋፊዎቹ ሲያስረዳ ሪትሪት የሚለውን ቃል ተቃዋሚዎቹ እንዲይዙት ተወላቸው።

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣም ሁለት ግስ ጎን ለጎን ሠርተዋል። በ2016 ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት ወረቀት ላይ የተጻፈው ሊቭ ነው፤ ሕፃን የሚያውቀው ቃል። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ግን ዊዝድሮው ይላል። ሊቭ በር ከፍቶ መውጣት ነው። ዊዝድሮው ደግሞ ከገቡበት ውል መውጣት ነው፤ ደብዳቤ፣ ሁለት ዓመት ድርድር፣ የሒሳብ ማወራረጃ አለው። ብዙ እንግሊዛዊ ሊቭ ብሎ መርጦ ዊዝድሮው ሲጠብቀው ግራ ገባው። በ2018 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንግሊዝ ከፈለገች የመውጫ ማስታወቂያዋን ሪቮክ ማድረግ ትችላለች አለ። ከመውጣት መውጣት ማለት ነው፤ ለዚህም ቃል አለ።

አሁን ደግሞ ተማሪ ወደሚያስለቅሱት ልሂድ። ባክ የሚለው ቃል አንድ ትንሽ ቃል ሲከተለው ትርጉሙ ይገለባበጣል። ባክ ኦፍ ዞር በል ነው፤ እየተጫነ ያለ ሰው እንዲተው ሲነገረው። አራዳው ላሽ በል የሚለው ዓይነት። ባክ አውት ከገቡበት ስምምነት ማፈንገጥ ነው። ቤት ልግዛ ብሎ ቀብድ ከፍሎ፣ በፊርማው ቀን የቀረ ሰው ባክ አውት አደረገ። ባክ ዳውን ከሁሉም ያማል። ተፋጠህ፣ ፎክረህ፣ በመጨረሻ አንተ ቀድመህ ስትለሳለስ ባክ ዳውን ነው። ክብር አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ማንም ስለራሱ ባክ ዳውን አደረግሁ የማይለው፤ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው የሚያደርገው።

ማን ባክ ዳውን አደረገ የሚለው ደግሞ ተመልካቹ በሚያውቀው ነገር ላይ ይወሰናል። በኦክቶበር 1962 ሶቭየት ኅብረት ኩባ ላይ ኑክሌር ተሸካሚ ሚሳኤሎች ተከለች። ዓለም ትንፋሹን ይዞ ሰነበተ። በኦክቶበር 28 የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳኤሎቹ እንደሚነሱ አስታወቀ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን ረስክ በዚያው ሰሞን ዓይን ለዓይን ተፋጠን ነበር፣ ሌላው ወገን ዓይኑን የጨፈነ ይመስለኛል ብሎ ነበር፤ ግሱ ብሊንክ ነው። አሜሪካኖች ለዓመታት ክሩሽቼቭ ባክ ዳውን አደረገ ሲሉ ኖሩ። ያልተነገራቸው ነገር ነበር። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በምስጢር ቱርክ ውስጥ የነበሩትን የአሜሪካ የጁፒተር ሚሳኤሎች ሊያነሳ ተስማምቶ ነበር፤ በ1963 ጸደይ ተነስተዋል። ይህ ሲታወቅ ታሪክ ጸሐፊዎች ባክ ዳውንን ትተው ስለ ልውውጥ መጻፍ ጀመሩ። ድርጊቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ግሱ ነው።

ከተናገሩት ቃል መመለስም የራሱ ግሶች አሉት። ሪትራክት የታተመን ወይም በአደባባይ የተነገረን ነገር ሐሰት ነበር ብሎ መሳብ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1998 ያወጣውንና የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘውን ጽሑፍ በ2010 ሪትራክት አድርጎታል። አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፤ ያ ጽሑፍ ያስከተለው የክትባት ፍርሃት ግን እስካሁን አልተሳበም። ሪካንት ከዚህ ይለያል። እምነትን ወይም ምስክርነትን መካድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አስገዳጅ አለበት። ጋሊሌዮ በ1633 በሮም ተንበርክኮ መሬት ትዞራለች ማለቱን ሪካንት አደረገ። በፍርድ ቤት ዜና ምስክሩ ሪካንት አደረገ የሚል ካያችሁ፣ ማን አስፈራራው ብላችሁ መጠየቅ አይከፋም። ፖለቲከኞች የሚወዱት ዎክ ባክ ነው። ተሳስቻለሁ ሳይሉ፣ ቃሌ ተጣሞ ተወሰደ እያሉ በቀስታ ወደ ኋላ መራመድ። ሪሲንድ ደግሞ የባለሥልጣን ወይም የአሠሪ ግስ ነው፤ የሰጠሁህን ነገር፣ ሥራም ይሁን ሽልማት፣ እንዳልሰጠሁህ ቁጠረው ይላል።

በዕለት ኑሮ ግስ መሳሳት ገንዘብና ዓመት የሚያስከፍልባቸው ቦታዎች አሉ። አሜሪካ ኮሌጅ የገባ የአገራችን ልጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ድሮፕ እና ዊዝድሮው ነው። በተርሙ መጀመሪያ፣ ኮሌጁ በወሰነው ቀን ውስጥ ኮርሱን ከተወ ድሮፕ ነው። በትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም በውጤት መዝገቡ፣ ላይ ምንም አይታይም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከተወ ዊዝድሮው ይሆናል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደብሊው ትቀመጣለች። ደብሊው የነጥብ አማካዩን አታወርድም። ነገር ግን ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ እንደተሞከረ ኮርስ ትቆጠራለች፤ ከበዛች እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል። ሌላም አለ። የፌዴራል እርዳታ የተቀበለ ተማሪ ተርሙ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ ጥሎ ቢወጣ፣ ከገንዘቡ የተወሰነው ተመላሽ ሊጠየቅ ይችላል። ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ኤፍ ነው። እዚህ አገር ቤት ካምፓስ የተማራችሁም ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ፎርም ሞልቶ ዊዝድሮው ያደረገ ልጅ ጊዜው ሲደርስ እንደገና ልግባ ብሎ ማመልከት ይችላል። ፎርም ሳይሞላ የጠፋው ግን ለመመለስ ብዙ ደጅ ይጠናል።

በኢሚግሬሽንም እንዲሁ ነው። አሜሪካ አየር ማረፊያ ደርሶ መግባት የተከለከለ ሰው ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ሊገጥሙት ይችላሉ። አንዱ ኤክስፔዳይትድ ሪሙቫል ነው፤ ይህ የማባረር ትዕዛዝ ሲሆን ቢያንስ አምስት ዓመት እንዳይገባ ያደርጋል። ሌላው፣ መኮንኑ ከፈቀደ፣ የመግቢያ ጥያቄን ዊዝድሮው ማድረግ ነው። ሰውየው በሁለቱም መንገድ በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመለሳል። ግን በሁለተኛው የተባረረ አይባልም፤ ራሱ ጥያቄውን አነሳ ነው የሚባለው። አገር ውስጥ ሆኖ ያስገባውን የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ዊዝድሮው ያደረገ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ አንዴ ከሳበው በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ መልሱልኝ ማለት አይችልም። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት ጠበቃ ማናገር ያዋጣል።

ሌሎቹን ዊዝድሮዋሎች በፍጥነት ልለፋቸው። ባንክ ቤት ገንዘብ ማውጣት ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ የለመዱት ነገር ሲቋረጥ ሰውነት የሚያሳየው ሕመም ነው፤ በጾም ጠዋት ቡና ያልጠጣ ሰው ራሱን የሚያመው ይሄ ነው።

ሪትሪትም ሰላማዊ ኑሮ አለው። የአዲስ አበባ የኤንጂኦ ሠራተኞች ሪትሪት ወጥተዋል ሲባል ማንም አላሸነፋቸውም፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆነው ፓወር ፖይንት እያዩ ነው። የቃሉ ጥንታዊ መንፈሳዊ አጠቃቀም ከዓለም ጫጫታ ዞር ማለት ነው። እኛ ሱባኤ መግባት የምንለው ለዚያ ይቀርባል፤ ኤንጂኦዎቹ ግን የሚጾሙ አይመስለኝም።

ሥልጣን መልቀቅ ላይ ሪዛይን መደበኛው ቃል ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ተቀባይ አለው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በፌብሩዋሪ 2018 ያደረጉት ይህንን ነው። ክዊት የመንደር ወንድሙ ነው፤ ተበሳጭቶ ሥራውን የጣለ ሰው ክዊት አደረገ ይባላል። አብዲኬት በዋናነት የዘውድ ነው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ በዲሴምበር 1936 የሚወዳትን ሴት ለማግባት ሲል ዙፋኑን አብዲኬት አደረገ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሴፕቴምበር 1974 ግን አብዲኬት አላደረጉም። ደርግ አወረዳቸው፤ ግሱም ዲፖዝ ነው። በእንግሊዝኛ ስለእሳቸው ስትጽፉ ይህን ማሳሳት ታሪክ መለወጥ ይሆናል።

ከቅርቡ የጆ ባይደን ነገር ያስተምራል። በጁላይ 21 ቀን 2024 ለምርጫ እንደማይወዳደሩ ሲያሳውቁ ደብዳቤያቸው ስታንድ ዳውን የሚል ግስ ነበረው። ጋዜጦች ዊዝድሮው፣ ድሮፕ አውት፣ ስቴፕ አሳይድ አሉ። ስቴፕ ዳውን ያሉም ነበሩ፤ ይሄኛው ግን አሳሳች ነው። ስቴፕ ዳውን ከያዙት ወንበር መውረድ ነው፤ ባይደን ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2025 ፕሬዝዳንት ነበሩ። የተዉት ዕጩነቱን ነው።

ይህ ልዩነት ለእናንተም ደብዳቤ ይሠራል። ሥራ አመልክታችሁ፣ ሌላ ቦታ ስላገኛችሁ ልትተዉት ከፈለጋችሁ ሪዛይን አትበሉ፤ ገና አልተቀጠራችሁም። ካንስል ማለትም ቀጠሮ የሰረዛችሁ ያስመስላል። ማመልከቻዬን ዊዝድሮው አደርጋለሁ ማለት በቂ ነው። ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ከሆነ ግን፣ እናንተ በደብዳቤው ላይ የፈለጋችሁትን ብትጽፉ፣ አሠሪው ለባልደረባው ሲያወራ ባክ አውት አደረገች ወይም አደረገ ነው የሚለው።